የኤሊዎቹ ክፍል ወንበሮች

ሰው በዓረፍተ ነገር ይናደዳል ቢሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ራሴ ተናድጄ፣ ደሜ ሽቅብ ወጥቶ፣ የኩፓት ሆሊም፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ «ምን በልተህ ነው እንዲህ የሆንከው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጨው አብዝቼ ነው አልኳት። እውነቱን ብነግራት ወደ ሌላ ዓይነት ሐኪም ነበር የምትልከኝ።

ቁጭ በሉማ፣ ላጫውታችሁ። የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አራት ዓይነት ነው። የሚናገር፣ የሚጠይቅ፣ የሚያዝ፣ የሚገረም። መጽሐፉ ሐተታዊ፣ መጠይቃዊ ምናምን እያለ ያከብደዋል እንጂ ነገሩ ይኸው ነው። «ዝናብ መጣ።» «ዝናብ መጣ እንዴ?» «ልብሱን አስገቢ!» «ወይ ጉድ፣ ራሰ!» አለቀ። በአንድ ዝናብ አራቱንም ማስተማር ይቻላል። እኔ አስተምሬበታለሁ። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። በአንድ ክፍል ስልሳ ስምንት ልጅ፣ መጽሐፍ ለአራት አንድ፣ ጠመኔ ሲገኝ። ዝናቡ ግን በሽ ነበር፣ ጣሪያው ያፈስ ነበርና።

አሁን እስራኤል፣ ነታንያ ነው ያለሁት። ከመጣን ሃያ ሁለት ዓመታችን ነው። ስመጣ የመምህርነት ሰርተፊኬቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር። አንዷ ጸሐፊ ተቀብላኝ አየችው፣ ገለበጠችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ «ያፌ ሜኦድ» ብላ መለሰችልኝ። በጣም ያምራል ማለቷ ነው። እኔ እንዲያምር አይደለም ያመጣሁት! ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው እንዴ? አሥራ አራት ዓመት ቴል ሞንድ አካባቢ ብርቱካን ለቀምኩ። ከዚያ አንድ ትምህርት ቤት አቭ ባይት ሆንኩ። በዕብራይስጥ «የቤት አባት» ማለት ነው። ሲነግሩኝ ሹመት መስሎኝ ነበር። የቤት አባት ማለት ለካ የተሰበረ ወንበር የሚጠግን፣ የተደፈነ ሽንት ቤት የሚከፍት፣ ልጆቹ ጣሪያ ላይ የወረወሩትን ኳስ የሚያወርድ ሰው ነው። ይኸው ስምንት ዓመቴ።

የልጄ ልጅ ሂላ እዚያው ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ሐኪም እሆናለሁ ትላለች። እናቷ አስናቀች ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትሠራ ያሳደገቻት ባለቤቴ ናት። ስለዚህ ልጅቷ ነታንያ ትወለድ እንጂ አመሏ የወገራ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ትነሣለች። ሲያናግሯት መሬት ታያለች። እኔን አንቱ ትለኛለች። የጎረቤት ልጆች አያታቸውን በስሙ ሲጠሩ እሷ አንቱ ስትለኝ ደረቴ ይነፋ ነበር፣ አልዋሽም።

እኛ ዘንድ እንግዲህ ልጅ ትልቅ ሰውን አይጠይቅም። ይጠየቃል። ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ያየ ልጅ «ይሄ ዓይን አውጣ የማን ነው?» ይባላል፣ ስድቡም ለእናቱ ይደርሳል። ስለዚህ ከአራቱ ዓረፍተ ነገሮች የሚጠይቀውን ማስተማር ምጥ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ያኔ አገር ቤት፣ ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ነው ተባለ። ሰውየው ተማሪ ሲጠይቅ ነው የሚወደው አሉ። ጉድ ፈላ። የእኔ ልጆች ሲናገሩ አንበሳ ናቸው፣ ትእዛዝም ይሰማሉ። ጥያቄ ሲባል ግን ስልሳ ስምንቱም መሬት ያያሉ። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ አንዲት ጥያቄ አስጠናኋቸው። «ሃው ኦልድ አር ዩ፣ ሰር?» አጭር ናት፣ ምላስ አትጠልፍም። ሳምንቱን ሙሉ በኅብረት አዜሙት። ሱፐርቫይዘሩ ገባና ጥያቄ ያለው ማን ነው አለ። አንዱ ተነሥቶ ዕድሜውን ጠየቀው። ፈገግ ብሎ አርባ ሰባት አለ። ሁለተኛው ተነሣ። ዕድሜውን ጠየቀው። ሦስተኛውም። ስድስተኛው ላይ ሰውየው ዓይኔ እያየ ሃምሳውን ያለፈ መሰለኝ። ለእኔ የጻፈልኝን ወረቀት ተዉት።

በማግስቱ ደግሞ የአንዱ ልጅ አባት ዱላውን ይዞ ከተፍ አለ። ልጄን የትልቅ ሰው ዕድሜ ጠይቅ ያልከው አንተ ነህ? አለኝ። ዛሬ ዕድሜ ከጠየቀ ነገ ደግሞ እኔን «እናቴን ለምን ትመታለህ?» ቢለኝ ምን ልመልስለት ነው? አለ። እኔም አባብዬ መለስኩት። ሰውየው ትንሽ እውነት አለው ብዬም አስቤ ነበር። ልጆቹ እኔንም መጠየቅ ቢጀምሩ የማላውቀው ብዙ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። እኛ አዎ ስንል ሁልጊዜ አፋችንን አንከፍትም። ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ሕፕ! ታውቁታላችሁ። አሁን እያነበባችሁም አንዳችሁ ሳታደርጉት አትቀሩም። በልተሻል? ሕፕ። መጣ እንዴ? ሕፕ። ባለቤቴ አንድ ሙሉ ከሰዓት ከጎረቤቷ ጋር በሕፕ ብቻ መጫወት ትችላለች። ሂላም ከእሷ ወስዳዋለች።

እንግዲህ ወደ ተናደድኩበት ልምጣ። እኛ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ ልጆቹን በእንግሊዝኛ ሁለት ቦታ ይከፍሏቸዋል። ጎበዞቹ ዶልፊኖች ይባላሉ። ደከም ያሉት ኤሊዎች። የባሕር ከተማ ነን ብለው ይሆናል። ኤሊዎችም ቀስ ብለው ባሕር ይደርሳሉ ይሉናል በወላጅ ስብሰባ ላይ። የት ነው የሚደርሱት? ዶልፊኖቹ ፎቅ ላይ፣ ባሕሩን በሚያይ ክፍል ይማራሉ። ኤሊዎቹ ምድር ቤት፣ ሚክላት ውስጥ። ሚክላት ማለት ሳይረን ሲጮህ የምንገባበት መጠለያ ነው። መስኮት የለውም፣ በሩ ብረት ነው። እዚያ ገብቶ ወደ ላይ የተመለሰ ልጅ በስምንት ዓመት አላየሁም። ከኤሊነት በኋላ በሁለተኛ ደረጃም ዝቅተኛው እንግሊዝኛ ነው፣ ከዚያ ባግሩት የሚሉት ትልቁ ፈተና ላይም ዝቅተኛው፣ ከዚያ የሕክምና ትምህርት የሚባለውን በር በሩቁ ማየት ነው።

ልጆቹን የምትለየው የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሞራ ካረን ናት፣ ሞራ በዕብራይስጥ አስተማሪት ማለት ነው። ኤቨን የሁዳ ነው የምትኖረው፣ እንግሊዝ አገር ነው ያደገችው፣ እንግሊዝኛን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ልጆቹን አንድ በአንድ ቤተ መጻሕፍት እያስገባች ታነጋግራለች። የሂላ ተራ ደረሰ። ስምሽ ሂላ ነው? ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። ሂላ ሕፕ አለች። ነታንያ ነው የምትኖሪው? ሕፕ። ወንድም አለሽ? ሕፕ። ልጅቷ ሦስቱንም በትክክል መልሳለች! ከዚያ ሞራ ካረን፣ እሺ አሁን ደግሞ አንቺ ሦስት ጥያቄ ጠይቂኝ አለቻት። ሂላ መሬት አየች። ጠይቂኝ እንጂ። መሬት። ሞራ ካረን ደነገጠች። መስኮት ከፈተች፣ ውኃ አመጣች፣ የትምህርት ቤቱን ነርስ ጠራች።

ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ ቤት መጣ። ተማሪዋ ለቀላል ጥያቄ መልስ አትሰጥም። የጥያቄ ዓረፍተ ነገር መመሥረት አትችልም። ስትጨነቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ከኤሊዎቹ ጋር ብትማር ይሻላታል፣ ወላጅ ይፈርም። ከመጪው ሰኞ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ይመለስ።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው አሉ! የእኔ የልጅ ልጅ! በአንድ ዝናብ አራቱን የማስተምር ሰው የልጅ ልጅ! እኔ ቤት ውስጥ ስዞር አስናቀች እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ትበረብራለች።

«ልትፈርሚ ነው?» አልኳት።

«አባ፣ ሎ ኖራ፣ ምንም አይደል። ሕቲማ፣ ፊርማ ብቻ ነው የሚፈልጉ። ኤሊም ብትሆን ያው ቤት ሴፈር፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ናት።»

«የሚያጥራት ትንፋሽ አይደለም! አዎ ነው ያለቻት!»

«አውቃለሁ እኮ። ለማን ትነግራለህ? ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።»

ይሄን ተረት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይበልጥ ተናደድኩ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለውን ለምን አላስተማርኳትም? ወረቀቱን ከእጇ ነጥቄ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ሰው ሳላነጋግር ማንም እንዳይፈርም አልኩ። ሂላ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አባባ ሊያናግሩላት ነው ብላ ፊቷ በራ።

እሑድ ጧት ኮት ለበስኩ። ለሥራ ኮት ለብሼ አላውቅም፣ ዘበኛው ሰርግ አለ ወይ አለኝ። ዕቃ ቤት ገብቼ በመወልወያው ፊት ንግግሬን ተለማመድኩ። በእንግሊዝኛ ነው፣ አራቱም ዓይነት አለበት። ይህች ልጅ እንግሊዝኛ ታውቃለች። የሰው ትንፋሽ የምትመዝኚው በምንድነው? ያንን ወረቀት ቅደጂው! እንዴት ያለ ጉድ ነው! መወልወያው ቀጥ ብሎ አዳመጠኝ። ግሩም ንግግር ነበር።

ገባሁ። ሞራ ካረን ደብተር ታርማለች። ቀና ብላ ፈገግ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። «ሻሎም አድማሱ፣ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለችኝ በዕብራይስጥ፣ ቀስ እያለች፣ ጮክ ብላ፣ ጆሮዬ የታመመ ይመስል።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሕፕ አልኩ። ከዚያ መሬት አየሁ።

ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነበርኩ። ስልሳ ስምንት ልጅ ጸጥ የሚያደርግ ድምፅ ነበረኝ። መሬቱን አየሁት፣ ራሴ የወለወልኩት መሬት። እሷ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። በመጨረሻ ራሷ አገዘችኝ። «አሃ፣ ለማዝጋኑ ነው? አዎ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያንጠባጥባል» አለች ወደ አየር ማቀዝቀዣው እያሳየች።

ብሴደር፣ እሺ አልኩ። መሰላል አመጣሁ። በኮቴ መሰላል ላይ ወጥቼ ማዝጋን ጠገንኩ። ስወጣ በእንግሊዝኛ አመሰገነችኝ፣ እኔ በዕብራይስጥ ምንም አይደል አልኳት። ዕቃ ቤት ተመልሼ አንዱን የፕላስቲክ ወንበር በእግሬ አልኩት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይሄ ነው። እግሩ ተሰበረ። የወንበሩ ማለቴ ነው። ወንበር የሚጠግነውም እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ ሂላ በር ላይ ጠበቀችኝ። አናገሯት? አለችኝ በዓይኗ፣ በአፏ አትጠይቅማ። እኔም አናገርኳት አልኩ። ልክ ልኳን ነገርኳት አልኩ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተው፣ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ልትፈትንሽ ቃል ገብታለች አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ባለቤቴ እሰይ የኔ አንበሳ አለችኝ። ራት አልበላ አለኝ።

ሰኞ ሄጄ እነግራታለሁ አልኩ። ሰኞ ቧንቧ ፈነዳ። ማክሰኞ እነግራታለሁ አልኩ። ማክሰኞ ምንም አልፈነዳም፣ ግን አልሄድኩም። እያናደደኝ የሄደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በየቀኑ ሞራ ካረንን ኮሪደር ላይ አገኛታለሁ። በየቀኑ አንገቴን ሰበር አድርጌ ሰላም እላታለሁ። ሰላም ስላት ደግሞ ማዝጋኑ ተሻለው ትለኛለች።

ቢያንስ ልጅቷን ላስተምራት አልኩ። ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። የሚናገረውን ታውቀዋለች፣ እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ትጽፋለች። የሚያዘውን ሳስተምራት እያንዳንዱ ትእዛዝ ጫፍ ላይ እባክዎን ትጨምራለች። የሚገረመውን በሹክሹክታ ነው የተገረመችው። ጥያቄው ላይ ስንደርስ ቃላቱን ደርድራ፣ ምልክቱን አስቀምጣ፣ ለጠረጴዛው እግር ጠየቀችው።

«እኔን ጠይቂኝ። ዓይኔን እያየሽ።»

«አባባ፣ እንዴት አድርጌ?» አለች ለጠረጴዛው።

«ይኸው ጠየቅሽኝ እኮ! አሁን ቀና በይ።»

ባለቤቴ ከምድጃው ዘወር አለች። «ልጂቱን ዓይን አውጣ ልታደርጋት ነው?» አለችኝ። ሐኪም ልትሆን ነው አልኳት። ሐኪም ሳይጠይቅ ምን ያክማል? ባለቤቴ ሕፕ አለች። እኔም ሕፕ መከልከሉን አስታወስኳት፣ በዚህ ሳምንት እዚህ ቤት ሕፕ ያለ ሰው ሰሃን ያጥባል ተባብለን ነበርና። በመጀመሪያው ቀን ሰሃኑን በሙሉ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ሰንበት ነው፣ በእግር ወደ ባሕሩ ይዣት ወረድኩ። ገደሉ ጫፍ ላይ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች ታውቋቸው ይሆናል። ከፈረንሳይ የመጡ ሽማግሌዎች ሙሉ ቀን ተቀምጠው ባሕሩን ይጠብቁታል። ሂጂና እኚያን አባት በእንግሊዝኛ ጠይቂያቸው አልኳት። ምን ብዬ? ደስ ያለሽን። ልጅቷ አሥር ጊዜ ሄዳ አሥር ጊዜ ተመለሰች። በአሥራ አንደኛው ቆመችና ባሕሩ ክረምት ላይም እንዲህ ሰማያዊ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ቀና ብላ! ሽማግሌው በፈረንሳይኛ መለሱ። ብዙ መለሱ። እጃቸውን እያወናጨፉ፣ የሞተች ሚስታቸውን ፎቶ ከኪሳቸው አውጥተው እያሳዩ ግማሽ ሰዓት መለሱ። ሂላ አንድ ቃል አልገባትም። ሲጨርሱ ግን ራሷ ላይ እጃቸውን ጭነው መረቋት።

«አልተቆጡም» አለችኝ ስትመለስ፣ ግርም ብሏት። «አባባ፣ እንዲያውም ሳሜአሕ ሆኑ።» ደስ አላቸው ማለቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት? ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስትጠይቅ ነበር። ውሻ የያዘችውን ሴትዮ፣ ሐብሐብ የሚበላውን ሰውዬ፣ ሁሉንም። እኔ ግን ከፊት ከፊቷ ስሄድ ቀን እቆጥር ነበር። ነገ እሑድ ነው። ፈተና የለም። ልጅቷ ግን ፈተና አለኝ ብላ ነው የምትተኛው።

እሑድ ጧት ከሞራ ካረን ክፍል ፊት ለፊት ያለውን በር ቁልፍ መፍታት ጀመርኩ። ቁልፉ ደህና ነበር። ሂላ ጸጉሯን ተጎንጉና መጣች። አልፋኝ ገባች። በሩ ክፍት ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ።

ለፈተናው ነው የመጣሁት አለች።

ለየትኛው ፈተና? አለች ሞራ ካረን።

ሂላ ዘወር ብላ ወደ እኔ አየች። እኔ ቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ገባሁ፣ ዓይኔን ሰክቼ። አያቴ አነጋግሬያታለሁ ብለውኝ ነበር ማለት ትችል ነበር። ደግሞም መብቷ ነው። አላለችም። አለቀ፣ መሬት አየች አልኩ በሆዴ። ቀስ ብዬ ሳጮልቅ ግን መሬት እያየች አልነበረም። ሴትየዋን ዓይን ዓይኗን እያየቻት ነው። ከዚያ በእንግሊዝኛ ጀመረች።

ከኤሊዎቹ ጋር ያደረግሽኝ ስለማላውቅ ነው ወይስ ዝም ስላልኩ? አለቻት።

ሞራ ካረን የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

ያን ቀን ትንፋሼን የሳብኩት አዎ ለማለት ነበር። ምን ማለትሽ ነው ብለሽ ለምን አልጠየቅሽኝም? አለቻት።

ወይኔ ሰዎች! የተማሪን ጥያቄ የምትቆጥር ሴት፣ አንዲት ጥያቄ ጠይቃ ቢሆን ይሄ ሁሉ ባልመጣ! እጄ ላይ የነበረው ብሎን ወደቀ። ልጨፍር ምንም አልቀረኝም። መሬት ያየችው አሁን ሞራ ካረን ነበረች።

ሂላ ግን አልጨረሰችም። አሁን እንደገና ልትፈትኚኝ ትችያለሽ? አለቻት።

ሞራ ካረን ቀና አለች። ፊቷ ቀልቷል። ሦስት ጥያቄ ነበር ጠይቂኝ ያልኩሽ አለች። ሦስት ጠየቅሽኝ። ፈተናው አለቀ። ከዚያም ነገ ወደ ላይ ወደ ዶልፊኖቹ ክፍል ነይ፣ ለእናትሽም እኔው እደውላለሁ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ አለቻት። ሂላ ስትወጣ በአጠገቤ አለፈች። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንሄድ አርቲክ ገዛሁላት፣ በረዶ ከረሜላውን ማለቴ ነው። እኔ እንደሆነ ንዴቴ ዞሮብኛል፣ ጀግና ሆኛለሁ። ያቺን ያፌ ሜኦድ ያለችኝን ጸሐፊ ሳይቀር አንሥቼ መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩ። እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል አልኩ። ልጆቻችንን በአንድ ትንፋሽ እየመዘኑ ምድር ቤት ይከታሉ አልኩ። ማንም ተው የሚላቸው የለም አልኩ። አንድ እንኳ ወንድ ጠፋ አልኩ! ሂላ አርቲኳን እየላሰች ሰማችኝ። ከዚያ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ዓይኔን አየችኝ።

«አባባ፣ የሚክላቱን ኪሳኦት፣ ወንበሮቹን፣ በየዓመቱ ወደ ታች የሚያስገቡ አንቱ ነዎት፣ ናኾን? አይደል?»

ሕፕ አልኩ።

«የዘንድሮውንም? የእኔንም ወንበር?»

ሕፕ።

«እዚያ የሚቀመጡ አብዛኞቹ የኛ ልጆች እንደሆኑ ያያሉ?»

ሕፕ አልኩ፣ ይሄኛው ጎልቶ አልተሰማም።

«እና ስምንት ዓመት ሙሉ ለምን ብለው አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው ያውቃሉ?»

አራቱንም ዓይነት ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። አንዱም አልመጣልኝ። አስፋልቱን አየሁ፣ ትንፋሼም መሳቡን ትቶ እዚያው ቆመ። ሞራ ካረን በዚያ ብታልፍ ኖሮ ነርስ ትጠራልኝ ነበር።